የሐሙሱ ክፍል

ዛኪያ ነገሩን የሰማችው የዓሣ ሆድ እየቀደደች ሳለ ነው። የእህቷ ልጅ ሙዋጁማ ከትምህርት ቤት መጥታ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ዛኪያ ለወጉ ያህል፣ መልስ እንኳ ሳትጠብቅ፣ «ዛሬስ ምን ተማራችሁ?» አለቻት።

«እሱ አይነገርም» አለች ልጅቷ።

«ምኑ ነው የማይነገረው?»

«የሐሙሱ ክፍል። መምህር አዴሊኖ እዚህ የተወራ እዚሁ ይቀራል ብለውናል።»

የዛኪያ ቢላዋ ዓሣው ሆድ ውስጥ ቆመ።

ልጅቷ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ረዘም አድርጋ ተናግራ አታውቅም ነበር። የጫካ ሰዎች የሚባሉት ታጣቂዎች በሰሜን ያለች ከተማቸውን በወረሩ ጊዜ፣ ሰው በሰው ላይ ከተደራረበባት ጀልባ ላይ የፔምባ ከተማ ባሕር ዳር ስትራገፍ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ገደማ ነበር። ከእሷ ጋር የወረደ ዘመድ አልነበረም። እናቷ ሲፋ፣ የዛኪያ ታላቅ እህት፣ በዚያ ቀን የት እንደገባች የሚያውቅ አልተገኘም። ታላቅ ወንድሟ ንፋውሜ ከዚያ ቀደም ብሎ ጠፍቶ ነበር፤ የጫካ ሰዎቹ ወስደውት ይሆናል ተብሎ ተለቅሶለታል። ሙዋጁማ ምግብ ስሰጣት ግማሹን ልብሷ ውስጥ ትደብቃለች፣ ኮኮናት ቆርቆሮው ላይ ከወደቀ አልጋ ሥር ትገባለች እያለች ዛኪያ ለጎረቤቶቿ ታወራ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ልጅቷ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገሯ ብቻውን ያስደስታት ነበር።

ዛሬ ግን የሰማችው ድምፁን ሳይሆን ቃሉን ነው። እነዚያ ሰዎች በሰሜን ልጆችን ማማለል የጀመሩት በጠመንጃ አልነበረም። በጣፋጭ፣ በስልክ፣ በዝግ ቤት ውስጥ በሚሰጥ ትምህርት ነበር። የመጀመሪያ ቃላቸውም «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል ነበር። እህቷ ሲፋ ይህን በስልክ እያለቀሰች ነግራታለች፤ ንፋውሜ ከጠፋ በኋላ።

«በሩ ይዘጋል?» አለች ዛኪያ፣ ድምፅዋን ተራ ለማድረግ እየሞከረች።

«አዎ።»

«የሚሰጣችሁ ነገር አለ?»

«ብስኩት።»

ዛኪያ እጇን ታጠበች። ዓሣው ግማሹ ሳይቀደድ ቀረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የተጠበሰ ዓሣ በሣህን ሞልታ፣ ላዩን በጨርቅ ሸፍና፣ ልትሸጥ እንደመጣች ሰው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባች። ዘበኛው አንድ ዓሣ ወስዶ አላየሁሽም አላት። የመጨረሻው ክፍል መስኮት ላይ አበባ ያለበት የሴት ሽርጥ ተሰቅሏል። ዛኪያ ግድግዳውን ተጠግታ ጆሮዋን ቀሰረች።

መጀመሪያ የወንድ ድምፅ ነበር፣ ዝግ ያለ። ቀጥሎ ዝምታ። ቀጥሎ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ላይ ትንፋሻቸውን ስበው «ፉ» ብለው ለቀቁት። ደግመው ሳቡ፣ ደግመው ለቀቁ። የሙስሊሞች የጋራ ዚክር ይመስል ነበር፤ ግን ዚክር አልነበረም፣ ሰውየውም ስሙ የክርስቲያን ነው። ከዚያ አንድ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ሌላው ሁሉ ጸጥ አለ፣ ያ ድምፅም፣ «አይዞህ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣ ነገር የለም» ሲል ተሰማ።

ዛኪያ ሣህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። አዴሊኖ ከደቡብ፣ ከናምፑላ ከተማ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሸሚዙን በደንብ ይተኩሳል፣ የባሕር ዳሩን ቋንቋ ደግሞ እንደ ትኩስ ምግብ አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል።

«ማማ ዛኪያ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ልጄን። በዝግ ቤት ምን እያደረጋችኋት ነው?»

«እንጫወታለን፣ እናወራለን። በጦርነቱ ያዩት ነገር እንዲቀላቸው ነው። እኔ ለዚህ ሥልጠና ወስጃለሁ።»

«ምን አለችህ እሷ?»

«እሱን ልነግርዎ አልችልም።»

«ለእኔ?»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ ማማ።»

«አንተ ልጅ አለህ?»

«የለኝም።»

«ያስታውቃል። መጋረጃውስ ምንድን ነው?»

አዴሊኖ አንገቱን አከከ፣ ወደ ጓሮው አየት አደረገ። «ከውጭ የሚያዩ አሉ» አለ።

«የሚያዩት ምን አለና ነው?»

«ይመኑኝ ብቻ።»

«ማን ነህና?» አለች ዛኪያ። «እናትህን አላውቅ፣ ሰፈርህን አላውቅ። በዚህ የሚያልፈው ሁሉ እመኑኝ ነው የሚለኝ።» የሙዋጁማን እጅ ይዛ ወጣች። ልጅቷ እስከ ቤት ድረስ አልተነፈሰችም፤ ዛኪያም ይህንኑ በመምህሩ ላይ ቆጠረችበት።

ቀናት አለፉ። ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ ይዛ ሳለ ጎረቤቷ አቲጃ ነገር ከሰው ፊት ላይ ማንበብ አያቅታትምና፣ ጎኗን ነካ አድርጋ ጠየቀቻት። ዛኪያ ነገረቻት።

«ያ የናምፑላው?» አለች አቲጃ። «በቀደም ገበያ ላይ በሁለት ስልክ ሲያወራ አይቼዋለሁ።»

«በሁለት?»

«አንዱን በዚህ ጆሮ፣ አንዱን በዚያ። ለምን እዋሻለሁ።»

«ያንቺ ባል ሦስት አለው» አለች ከኋላ ያለች ሴትዮ፣ «አንዱም አይሠራም እንጂ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዛኪያ አልሳቀችም። ባልዲዋን ሞልታ በዚያው ወደ ሰፈሩ ሹም ወደ ፓፓ አባካሪ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ራዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በራፋቸው ላይ ነበሩ። የዝጉን በር፣ የብስኩቱን፣ የመጋረጃውን፣ የትንፋሹን፣ የ«አይነገርም»ን ነገር አንድ ባንድ ነገረቻቸው። ሁለቱን ስልኮችም አልተወቻቸውም።

አባካሪ ራዲዮኑን አጠፉት። «ማንን ነው የምትጠረጥሪው? ከእነዚያ ጋር ነው እያልሽኝ ነው?»

«እንደሱ አላልኩም። ጠይቁልኝ ነው የምለው።»

«እንዲህ ያለውን እኔ አልጠይቅም፣ ልጄ። የሚጠይቁ አሉ።»

የሚጠይቁት ፖሊሶቹ እንደሆኑ ዛኪያ ታውቃለች። እዚያው ላይ ቃሏን መሳብ ትችል ነበር። ባልዲዋን አነሳችና ሄደች።

ፖሊሶቹ የመጡት ትምህርት በገባ በሁለተኛው ሰዓት ነው ይባላል። በመኪና መጥተው፣ መሣሪያቸውን እንደያዙ ክፍል ገብተው አዴሊኖን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ወሰዱት። መሣሪያውን ያዩ ልጆች በመስኮት ዘለሉ። ወላጆች ከየሥራቸው ሮጠው መጥተው የየልጃቸውን ስም እየጠሩ ግቢውን ሞሉት። ሙዋጁማ ግን የለችም። ዛኪያ ከትምህርት ቤቱ እስከ ጀልባው ማቆሚያ ሮጠች። በመጨረሻ ያገኘቻት በጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው ማንግሮቭ መሃል፣ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ተነክራ፣ ሥሩን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ነው።

ልጅቷ ከዚያ ቀን በኋላ አፏን ዘጋች። ለምግብም ለቃልም። ዛኪያ የገንፎውን እንክብል በዓሣ ወጥ እየነከረች አቀረበችላት፣ አልወሰደችም። ተቆጣች፣ ለመነች፣ አጠገቧ ተቀምጣ ዝም አለች። በዝምታው ውስጥ ነው ልጅቷ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ የተናገረችው።

«እኔ ስለነገርኩሽ ነው የወሰዷቸው።»

«አይደለም።»

«ነው። አይነገርም ብለው ነበር። እኔ ነገርኩሽ። ስናገር ሰው ይወስዳሉ። ዝም ስል ደግሞ...»

«ዝም ስትይ ምን?»

ዛኪያ ደግማ ብትጠይቃት ልጅቷ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ያኔ ዛኪያ ያላሰበችው ነገር ደረሰባት፤ ጥርጣሬዋ ከመምህሩ ላይ ተነስቶ ልጅቷ ላይ ሄደ። ይህች ልጅ የምታውቀው ነገር አለ። ምንድን ነው የምታውቀው? የገዛ ሥጋዋን እንዲህ በዓይኗ መመርመሯ አሳፈራት፤ ግን መመርመሯን አልተወችም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሯ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነች፣ ዛኪያ ላይ መጮህ ብትፈልግም አልጮኸችባትም። «መጋረጃውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለቻት፣ «የራሴ ሽርጥ ነው። እዚያ ክፍል ሽንቱ ሱሪው ላይ የሚያመልጠው ልጅ አለ። የሰፈር ልጆች በመስኮት እያዩ ሲስቁበት ራሱን ሊጎዳ ነበር። በሩም የተዘጋው ለዚያው ነው። ትንፋሹን ደግሞ ድንጋጤ ሲመጣባቸው እንዲሰበሰቡበት ያስተምራቸዋል።»

«ሁለት ስልክስ?»

«አንዱ የእኔ ነው። ሊያሠራልኝ ገበያ ወስዶት ነበር።»

ዛኪያ ይህንንም ወዲያው አላመነችም። ሴትዮዋ ሠራተኛዋን ልታድን ብላ ይሆናል ብላ አሰበች። ስትወጣ ግን የመጨረሻው ክፍል ክፍት ነበርና ገባች። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ ከጨርቅ የተሠራ ኳስ፣ ግማሽ የብስኩት ካርቶን። ሌላ ነገር ፈለገች። ምንጣፉን ገልጣ ሳይቀር አየች። ሌላ ነገር አልነበረም።

ፓፓ አባካሪ ዘንድ ስትመለስ ራዲዮኑ እያወራ ነበር።

«ቃሌን ልስብ ነው» አለቻቸው።

«ቃል ዓሣ ነው እንዴ፣ አልተሸጠልኝም ብለሽ የምትመልሺው?»

«ይቀልዱብኝ፣ ግን ጣቢያው ድረስ አብረውኝ ይምጡ። እኔ ብቻዬን ብሄድ በሩም አይከፈትልኝም።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አሁን ማን ልኮሽ ነው?» አሉ። እሳቸውም ጠርጥረዋታል። ዛኪያ ይህን ባየች ጊዜ፣ አዴሊኖ በሩ ላይ ስታፋጥጠው ምን እንደተሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። ልጅቷ ምግብ እንደተወች ነገረቻቸው። አባካሪ በቀስታ ተነስተው ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ፀሐዩ እስኪዞር ጠበቁ። ርዕሰ መምህሯና የአዴሊኖ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቀድመው ሲመላለሱ ሰንብተዋልና፣ የአባካሪ ቃል ሲጨመርበት ለቀቁት። ሲወጣ ሸሚዙ ተጨማድዷል፣ የታች ከንፈሩ አብጧል፣ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«አንቺ ነሽ?» አላት። እርስዎ ማለቱን ትቷል።

«እኔ ነኝ።»

ሌላ ነገር ሳይናገር መንገዱን ጀመረ። ጫማው እየወለቀበት ይጎትተዋል። ዛኪያ ተከተለችው።

«ልጅቷ በእኔ ምክንያት ነው ብላ እህል ትታለች። ታይህ ብቻ። ሌላ አልጠይቅህም።»

አዴሊኖ ዞር ብሎ ከትከሻዋ በላይ መንገዱን አየ። «ከኋላሽ ማን አለ?»

«ማንም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማንም የለም፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበይኝ» አለና ሄደ። ይመጣል ብላ አልጠበቀችም።

ግን በማግስቱ መጣ። ቤት ግባ ብትለው አልገባም፤ ሰው ሁሉ በሚያየው በደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሙዋጁማ ድምፁን ስትሰማ ከግድግዳው ተነስታ እስከ መቃኑ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ አላለፈችም።

«አየሽኝ?» አላት። «ይኸው አለሁ። የታሰርኩት አንቺ ስለተናገርሽ አይደለም። ትልልቆቹ ስለፈሩ ነው።»

ዛኪያ እግሯ ሥር ያለውን አሸዋ ታይ ነበር።

«ከንፈርዎ ያማል?»

«ስስቅ ያማል። ስለዚህ አታስቂኝ።»

ልጅቷ አልሳቀችም፤ ግን ቁጭ አለች።

ያኔ ዛኪያ ተናገረች። ይቅርታ ለማለት ነበር የጀመረችው፤ አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «እነዚያም እንዲህ ነበር የሚሉት» አለች። «ለእናትህ እንዳትነግር ብለው ነው የጀመሩት። የእህቴን ልጅ በዚህ ቃል ነው ያጣነው። አንተ የዘጋኸው በርና የሰጠኸው ብስኩት ምንም አይደለም። ይህን ቃል ግን ከዚህች ልጅ አፍ ስሰማ...» አልጨረሰችውም።

ሞተር ብስክሌት አለፈ፣ ሙዋጁማ ትንፋሿን ስባ በቀስታ ለቀቀችው። ዛኪያም አየቻት፣ አዴሊኖም አያት።

«በሥልጠናው ላይ የመጀመሪያው ደንብ እሱ ነው ብለው ነው የነገሩን» አለ። «እኔ የመሰለኝ ልጆቹን ከሰው አፍ የምጠብቃቸው ነው። ሰሜን ኖሬ አላውቅም። ያው ቃል መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሙዋጁማ፣ ደንቡን አበላሽቼ ነው የነገርኳችሁ። ምስጢር ጠባቂው እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም። የራስሽን ነገር ለምታምኚው ሰው መንገር ትችያለሽ። የጓደኛሽን ግን ለእሱ ተይለት። ሐሙስ ለሁሉም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

«በሩስ?» አለች ዛኪያ።

«በሩ ይከፈታል። ሳቂዎቹን ልጆች የሚያባርር ሰው ግን እፈልጋለሁ።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች።

ሙዋጁማ ማታውን ትንሽ በላች። ሐሙስ ዕለት ከክፍሉ ስትወጣ በረንዳው ላይ ዛኪያ ተቀምጣ ነበር፣ ዱላ የመሰለ የሸንበቆ ቁራጭ እግሯ ሥር አጋድማ።

ነገሩን የነገረቻት ባሕሩ በሸሸበት አንድ ጠዋት ነው። ሴቶች ተበታትነው አሸዋው ላይ ጎንበስ ብለው የሚበላ ቀንድ አውጣና ክላም የተባለውን ባለ ስለታም ቅርፊት የባሕር እንስሳ ይለቅማሉ። ሁለቱ ከሌሎቹ ራቅ ብለዋል።

«ትንሿ እማዬ» አለች ሙዋጁማ። የእናትን ታናሽ እህት እንዲህ ነው የሚጠሯት። «ንፋውሜን አልወሰዱትም። ራሱ ነው የሄደው።»

ዛኪያ እጇን አሸዋው ውስጥ እንደቀበረች ቀረች።

«ሥራ አግኝቻለሁ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ አለኝ። አልነገርኩም። በኋላ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል መጣ። ከስቶ ነበር። ነገ ተኩስ ስትሰሚ ወደ ማንግሮቩ ሩጪ አለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ከነገርሽ እኔን ይገድሉኛል አለኝ። ጠዋት እማዬ ልብስ ታጥብ ነበር። እኔ ሮጥኩ።» ቆም አለች። «አልነገርኳትም።»

ዛኪያ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። መጀመሪያ ያደረገችው ይህን ነው፣ ልጅቷን ማቀፍ ሳይሆን። አቲጃ ከሩቅ ወገቧን ይዛ ቀና ብላለች፤ ነፋሱ በየት በኩል ነው? ይህ ነገር አንድ ጆሮ ከገባ የዛኪያ ቤት የእነዚያ ሰዎች ዘመድ ቤት ነው ይባላል፤ ፓፓ አባካሪም ራዲዮናቸውን ያጠፋሉ። «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ቆመ።

ዋጠችው። ጭቃማ እጇን ታጥባ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት።

«አንቺ ሕፃን ነበርሽ» አለቻት። «ያን ጭነት የጫነብሽ እሱ ነው፣ ትልቁ። እናትሽ ብታውቅም ሩጪ ነበር የምትልሽ። እህቴን እኔ አውቃታለሁ።»

ሙዋጁማ ማልቀስ ጀመረች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አቲጃ ከሩቅ «ምን ሆነች?» ብላ ጮኸች። «ክላሙ ቆረጣት» አለች ዛኪያ።

ልቅሶው ሲበርድ ልጅቷ ጠየቀች። «ለመምህር ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው።»

«ለሌላ ሰውስ?»

ዛኪያ አሰበችበት። ልትዋሻትም ልታስፈራራትም አልፈለገችም። «ሌላ ሰው ሊፈራ ይችላል» አለች። «የፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይተሻል። እኔን አይተሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እኔ ነይ፣ አብረን እናስብበታለን።»

ሙዋጁማ ለመምህሩ ነገረችው። ዛኪያ በረንዳው ላይ ሆና ሁለቱ ጥግ ይዘው ሲያወሩ አየች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ፍርሃት ያዛት። በእሷ አንድ ቃል ከንፈሩ ያበጠው ሰው አሁን ቤቷን የሚያፈርስ ቃል በእጁ ነው። መንገድ ላይ ከአባካሪ ጋር እጅ ለእጅ ሲጨባበጥ ባየች ቀን ለገዢ የዓሣዋን ዋጋ አሳስታ ተናገረች። አባካሪ በራፏ ሲያልፉ ፊታቸውን ታጠናለች፣ ሰላምታቸው አጠረ ረዘመ እያለች ትመዝናለች። በመጨረሻ አልቻለችምና ጠየቀችው።

«ለማንም አላወራህም?»

«ስለምን?» አላት አዴሊኖ።

እየቀለደባት ይሁን አይሁን ከፊቱ ማወቅ አልቻለችም። ወራት አለፉ፤ የመጣ ሰው አልነበረም። እሱ ግን እርስዎ ወደ ማለቱ አልተመለሰም፤ ዛኪያም ይህ እንደሚገባት ታውቅ ነበር። በዓመቱ ማብቂያ ወደ ናምፑላ እንዲዛወር ጠይቆ ሄደ። ልጆቹን በየስማቸው ተሰናበታቸው። ለዛኪያ ከበረንዳው በታች ሆኖ ራሱን ነቅነቅ አደረገላት፣ በቃ።

ክፍሉን አንዲት ከኢቦ ደሴት የመጣች መምህርት ተረከበችው። ዛኪያ የመጀመሪያ ቀን የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደተማረች፣ ለምን እንዳላገባች ሁሉ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ተናዳ መለሰችላት፣ ዛኪያም ንዴቷን ወደደችው።

ሙዋጁማ ዛሬም ቆርቆሮው ሲንኳኳ ትሸሸጋለች፤ ግን ወዲያው ትወጣለች። በቅርቡ ደግሞ የክፍሏን ልጅ በነጠላ ጫማ መታች ተብሎ ዛኪያ ለወቀሳ ተጠራች፤ በርዕሰ መምህሯ ፊት ተቆጥታት፣ መንገድ ላይ የተጠበሰ ካሳቫ ገዛችላት። የሲፋ ወሬ እስካሁን አልተሰማም። ጀልባ ከሰሜን በመጣ ቁጥር ዛኪያ ሣህኗን ይዛ ባሕር ዳር ትወርዳለች። መጀመሪያ ሴቶቹን ታያለች። ከዚያ ወጣት ወንዶቹን፣ አንድ ባንድ፣ ከጢማቸው ሥር የንፋውሜን ፊት እየፈለገች። ብታገኘው ታቅፈው ወይስ ትጮህበት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልወሰነችም።